ለእናቴ ሽኝት የመጣው ደብዳቤ በባሌ ስም ነው

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሰሜን ለንደን ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። እኔ ኬር ሆም ውስጥ እሠራለሁ፣ ባለቤቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ችግሬ ሲያወሩት ትንሽ ይመስላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ከነሳኝ ሦስተኛ ወሩን ይዟል።

ሁለተኛ ልጄን ስወልድ እማዬ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጥታ አምስት ወር አብራን ቆየች። የመሄጃዋ ዕለት ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለነበር ኤርፖርት ያደረስኳት እኔ ነኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሻንጣ ስንመዝን፣ ስናወጣ፣ ስንመልስ ዋልን። ሕፃኑ ከኋላ ተኝቷል። ተርሚናሉ በር ላይ ስንደርስ አንድ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰው እዚህ መቆየት አይቻልም አለን። በዚያው በረራ የምትሄድ የጎረቤት ልጅ ስለነበረች እማዬን ለእሷ አስረክቤ፣ አስፋልቱ ዳር አቅፌያት፣ ወዲያው ወደ መኪናው ተመለስኩ። እማዬ መቀነቷን እየፈታች ለልጁ የምትሰጠው ነገር ስትፈልግ ነበር። አልጠበቅኳትም። እናቴን እንደ ዕቃ አራግፌያት ሄድኩ። እስከ ቤት ድረስ እያለቀስኩ ነው የነዳሁት።

ተርሚናል በር ላይ ሰው ለማውረድ እንደሚከፈል ሰምቼ አላውቅም ብል ውሸት ይሆንብኛል፣ ሰምቼ ነበር። ግን መውጫው ላይ በር የለም፣ ገንዘብ ተቀባይ የለም፣ የሚያስቆመኝም አልነበረም። እቤት ስገባ ከእነ አካቴው ረሳሁት። ክፍያው 6 ፓውንድ ነበር።

ከዐሥር ቀን በኋላ ደብዳቤ መጣ። የመኪናዋ ሊብሬ በባለቤቴ ስም ስለሆነ ደብዳቤውም በእሱ ስም ነው። የታርጋዋ ፎቶ፣ የገባሁበትና የወጣሁበት ደቂቃ ሳይቀር አለበት። 80 ፓውንድ ይላል፤ በ14 ቀን ውስጥ ከተከፈለ 40። በዚያን ሰሞን ከባለቤቴ ጋር በገንዘብ ተጋጭተን ነበር። እማዬ ባዶ እጇን አትገባም ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ልብስና ጫማ ገዝቼ ስለነበር “ለእናትሽ አገር ምድሩን ጫንሽላት” ብሎኛል። ክፉ ሰው አይደለም። ቤት ልንገዛ ዲፖዚት እያጠራቀምን ስለሆነ እያንዳንዱ ፓውንድ ያሳስበዋል። እኔ ግን ቃሉ አንጀቴን ስላቆሰለው ደብዳቤውን ከሕፃኑ ልብሶች ሥር ደበቅኩት። ደመወዝ ስቀበል እከፍለዋለሁ አልኩ፤ አልከፈልኩም። ሁለተኛው መጣ፣ እሱንም እዚያው ከተትኩት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከሌላ ድርጅት፣ ከዕዳ ሰብሳቢ፣ በቀይ የተጻፈ መጣ። አሁን 150 ፓውንድ ሆኗል፣ ስለ ፍርድ ቤትም ያወራል።

ቤተ ክርስቲያን ያገኘኋት አንዲት እህት “ቀደሽ ጣዪው፣ እኛ ስንት ጥለናል” አለችኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ፖሊስ እንደሚመጣ፣ መንጃ ፈቃድ ላይ ነጥብ እንደሚያዝ፣ የዜግነት ጉዳይ እንደሚበላሽ ነገረችኝ። የባለቤቴ እንጀራ መንጃ ፈቃዱ ነው። የዕቁብ ገንዘቤን በሚቀጥለው ወር አወጣለሁ። ዝም ብዬ ከእሱ ላይ ከፍዬ ልገላገል? ልንገረው? ወይስ ልጣለው?

ሆድ የባሳት፣ ከለንደን

—

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያነበብኩት ለገንዘቡ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ስመለስ ግን እናትሽ መቀነታቸውን ሲፈቱ የጻፍሽው ቦታ ላይ ቆምኩ። 150 ፓውንዱን በኋላ እንመጣበታለን፤ እሱ መላ አለው። መጀመሪያ “እንደ ዕቃ አራግፌያት ሄድኩ” ስላልሽው ትንሽ ላውራሽ።

እኛ ሰው ስንሸኝ ሚኒባስ ሞልተን ነው። ቦሌ በር ላይ ቆመን፣ ተጓዡ ዞሮ እጁን እስኪያወዛውዝልን ጠብቀን፣ ከገባም በኋላ “አሁን ፍተሻውን አልፏል፣ አሁን ተቀምጧል” እያልን ነው የምንመለሰው። አንቺ ያደግሽው በዚህ ነው። ያን ዕለት የገጠመሽ ደግሞ ካሜራ የሚቆጥረው የጥቂት ደቂቃ ቦታ፣ ከኋላ የተኛ ጨቅላ፣ ከፊት ሂጂ የሚል ሰው ነው። እናትሽን አላራገፍሻቸውም። ሕፃኑን መኪና ውስጥ ትተሽ መግባት አትችይም ነበር፣ ሰው አዘጋጅተሽላቸዋል፣ በሰላም ገብተዋል። ግን ሐዘንሽ እውነተኛ ነው፤ የሽኝቱ ቁጭት አልወጣልሽም። እና እስቲ ልጠይቅሽ፦ ያንን ፖስታ በከፈትሽ ቁጥር የሚያምሽ የተጻፈው ቁጥር ነው ወይስ ፎቶው ላይ ያለው ደቂቃ? መሳቢያው ውስጥ የደበቅሽው ሁለቱንም አንድ ላይ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ከፍርሃትሽ ግማሹ ወረቀቱ ምን እንደሆነ ካለማወቅ የመጣ ነውና።

እንግሊዝ አገር ውስጥ በአንድ ምህጻር፣ “ፒ.ሲ.ኤን.” ተብለው የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች አሉ። አንዱ “ፔናልቲ ቻርጅ ኖቲስ” ነው፤ ካውንስል ወይም ሌላ የመንግሥት አካል የሚሰጠው ቅጣት ነው። ሌላው “ፓርኪንግ ቻርጅ ኖቲስ” ነው፤ ይህን የሚልከው የግል ድርጅት ነው። መልካቸው ስለሚመሳሰል፣ ሁለቱም ፎቶና የጊዜ ገደብ ስላላቸው ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። የገለጽሽው ሁለተኛውን ይመስላል፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ አውጥተሽ ራስጌውን አንብቢው። “ፓርኪንግ ቻርጅ” የሚል ከሆነ ድርጅቱ የሚልሽ “ምልክቱ ላይ የተጻፈውን ውል ጥሳችኋልና ክፈሉኝ” ነው። የገንዘብ ጥያቄ ነው። ወንጀል አይደለም፣ ፖሊስ አያመጣም፣ መንጃ ፈቃድ ላይ አንድም ነጥብ አያስይዝም። የባለቤትሽ እንጀራ በዚህ ወረቀት አይነካም። ይህን ዛሬ ማታ እያሰብሽ ተኚ።

ዕዳ ሰብሳቢውም ቢሆን በቀይ ስለጻፈ ሥልጣን አላገኘም። ደብዳቤ መጻፍና ስልክ መደወል እንጂ ቤት ገብቶ ዕቃ መውሰድ አይችልም። ያ ሥልጣን ያለው ቤይሊፍ የሚባለው ነው፤ እሱም የሚመጣው ፍርድ ቤት ወስኖ ውሳኔው ሳይከፈል ሲቀር ነው። ከ80ው ወደ 150 የወሰደሽ 70 ፓውንድ የመሰብሰቢያ ወጪ ተብሎ የሚታከል ነው፤ በዘርፉ ማኅበራት የአሠራር ደንብ መሠረት ከዚህ በላይ መጨመር አይችሉም። ስለዚህ “በየሳምንቱ እየጨመረ ሺህ ይደርሳል” ብለሽ አትሸበሪ።

ቤተ ክርስቲያን ያገኘሻት እህት ግን ልክ አይደለችም። ምክሯ የቆየ ምክር ነው፤ በጊዜው ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2012 በፊት የግል ፓርኪንግ ድርጅት መኪናውን ማን እንደነዳ ካላወቀ የሚይዘው አልነበረውም፤ ሰዉም ወረቀቱን እየቀደደ ይጥል ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ለእንግሊዝና ለዌልስ ይህን ለወጠው። ድርጅቱ የሕጉን ሥርዓት ጠብቆ ከላከ፣ ሊብሬው በስሙ ያለውን ሰው መጠየቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ባለመኪና በ85 ፓውንድ የፓርኪንግ ክፍያ ላይ ያቀረበውን ክርክር ውድቅ አድርጎ ገንዘቡ የሚጠየቅ ነው ብሏል። ከዚያ ወዲህ ድርጅቶቹ በብዛት ይከስሳሉ። ባለቤትሽን በእርግጥ ሊጎዳው የሚችለው የወረቀቱ መምጣት ሳይሆን የወረቀቱ መጣል ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ጉዳዩ ወደ ክስ የሚሄድ ከሆነ መጀመሪያ “ሌተር ቢፎር ክሌም” የሚል ደብዳቤ ይመጣል፤ ለመመለስ 30 ቀን ይሰጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ከፍርድ ቤት፣ ብዙ ጊዜ ኖርዝሃምፕተን ከሚገኘው ማዕከል የሚላክ የክስ ቅጽ ነው። እሱን በ14 ቀን ውስጥ መመለስ ግዴታ ነው፤ ደርሶኛል ብሎ ካሳወቁ ጊዜው ወደ 28 ቀን ይረዝማል። ያ ቅጽ ከሕፃኑ ልብሶች ሥር ከገባ ግን፣ እህቴ፣ ማንም ሳይከራከር በባለቤትሽ ላይ ይፈረድበታል። የተፈረደው በአንድ ወር ውስጥ ከተከፈለ ከመዝገብ ይሰረዛል። ካልተከፈለ 6 ዓመት ክሬዲቱ ላይ፣ ማለትም ባንኮች በሚያዩት የብድር ታሪኩ ላይ ይቀመጣል። ሞርጌጅ፣ የቤት መግዣ ብድር፣ ልታመለክቱ ባንክ ፊት ስትቀመጡ የሚወጣው ያ ነው። ባልደረባሽ ስለ ዜግነት ያለችውም እውነት የምትሆነው እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ የማመልከቻው ቅጽ አመልካቹ የፍትሐ ብሔር ፍርድ እንዳለበት ይጠይቃል። ደብዳቤው ራሱ ግን ክሬዲት ላይ አይጻፍም። እስካሁን በእናንተ ላይ የተጻፈ ምንም የለም። ገና በጊዜው ላይ ነሽ።

ይህን ካየሽ ዘንድ “ልንገረው ወይስ አልንገረው” የሚለው ጥያቄሽ መልሱን አገኘ ብዬ አስባለሁ። ደብዳቤው የእሱ ነው። የሚከሰሰው እሱ፣ ክሬዲቱ የሚበላሸው የእሱ፣ መልስ የመስጠት መብቱም የእሱ ነው። የዕቁቡን ገንዘብ አውጥተሽ በድብቅ ብትከፍዪ 150 ፓውንዱ ያልቃል፤ ግን በስሙ የመጣ ወረቀት ሦስት ጊዜ እንደደበቅሽበት አንድ ቀን ከባንክ ዝርዝር ወይም ከቀረ ፖስታ ያገኘዋል። ያኔ የሚያወራው ስለ 6 ፓውንድ አይሆንም። ስለ ሞርጌጁ እያንዳንዷን ሳንቲም አብራችሁ በምትቆጥሩበት ጊዜ “ሌላስ ምን አለ?” የሚል ጥርጣሬ እሱ ልብ ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም።

እንደምትፈሪ አውቃለሁ። እስቲ ፍርሃትሽን ለይተሽ እዪው። “ለምን አልከፈልሽም” እንዳይልሽ ነው ወይስ “ይኸው፣ በእናትሽ የተነሳ” እንዳይልሽ? መጀመሪያውን ከሆነ ትችይዋለሽ፤ መርሳት በማንም ይደርሳል፣ በተለይ አራስ ቤት ከወጣ ጥቂት ወር ለሆነው ሰው። ሁለተኛውን ከሆነ፣ ያ ቃል “አገር ምድሩን ጫንሽላት” ካለሽ ቀን ጀምሮ ሲያቆስልሽ የቆየ ነው፤ እና ስለሱ እስካሁን አልተነጋገራችሁም። ባለቤትሽም ምናልባት ምን እንዳለ ረስቶታል። ሹፌር ቀኑን ሙሉ በሰው ጩኸት መሐል ውሎ ሲመጣ የወረወረው ቃል የት እንዳረፈ አያይም። አንቺ ካልነገርሽው ማንም አይነግረውም።

ከፈረቃ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ አትንገሪው። ሁለታችሁም የማትሠሩበት ቀን፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ ቡና አፍልተሽ ተቀመጪ። ሦስቱንም ደብዳቤ በቀናቸው ቅደም ተከተል ጠረጴዛው ላይ አድርጊ። ከዚያ እንዲህ በይው፦ “እማዬን ያደረስኩ ቀን የማውረጃውን ሳልከፍል ረሳሁ። ደብዳቤው ባንተ ስም መጣ፣ ፈርቼ ደበቅኩት። መደበቄ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ። አሁን አብረን እንጨርሰው።” እዚህ ላይ ቁሚ። ይናደድ፤ ትንሽ ይናደዳል። መልስ አትስጪው። ሲበርድለት፣ በዚያው ቀን ካልሆነም በማግስቱ፣ የልብስና የጫማውን ቃል አንሺ፦ “እናቴን ስታነሳብኝ ያመኛል፤ ያን ዕለት በሥርዓት እንኳ አልሸኘኋትም።” ሁለቱን ነገር በአንድ ትንፋሽ አትቀላቅዪያቸው። ጥፋትሽን ስትናገሪ ቅሬታሽን ካስከተልሽ ይቅርታው ሰበብ ይመስላል።

ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ከወጣ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። ሁለቱንም ልንገርሽና እኔ የቱን እንደምመርጥ እጨምርልሻለሁ።

አንደኛው መከራከር ነው። በጊዜው ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ በ28 ቀን ውስጥ ለድርጅቱ ይግባኝ ይጻፋል፣ ድርጅቱ ካልተቀበለ ፖፕላ ወይም አይ.ኤ.ኤስ. ወደሚባል የይግባኝ አካል በነፃ ይኬዳል። የትኛው እንደሆነ የሚወሰነው ድርጅቱ የየትኛው ማኅበር አባል እንደሆነ ታይቶ ነው። ያ ጊዜ አልፏችኋል። ሆኖም ለመጀመሪያው ድርጅት ዘግይቶም ቢሆን መጻፍ አይከለከልም። ሌላም ነጥብ አለ። ቅድም ያልኩሽ የ2012ቱ ሕግ ዕዳውን ወደ ባለሊብሬው የሚያዞረው በሁሉም መሬት ላይ አይደለም፤ ፓርኪንጉ በራሱ ሕጋዊ ደንብ የሚተዳደር መሬት ከሆነ አይሠራም። ብዙ የእንግሊዝ ኤርፖርቶች ደግሞ የራሳቸው ደንብ አላቸው። እንዲህ ባለው ቦታ ድርጅቱ መጠየቅ የሚችለው የነዳውን ሰው ነው፤ የነዳውን ሰው ለግል ድርጅት የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታም ባለሊብሬው ላይ የለም። ይህን የምነግርሽ ውሸት ጻፉ ለማለት አይደለም። “እኔ አልነዳሁም፣ ሌላ ሰው ነው፣ አላውቀውም” ብሎ የሌለ ነገር መጻፍ ፍርድ ቤት ፊት ይጎዳችኋል፣ ህሊናንም ይጎዳል። የምለው ማንም የሆነ ነገር ከመጻፉ ወይም በስልክ ከመናገሩ በፊት ወረቀቶቹን ይዛችሁ ሲቲዝንስ አድቫይስ ወደሚባለው የምክር ድርጅት ሂዱ ነው። በነፃ ነው፣ አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁም ጠይቁ። የመጀመሪያው ደብዳቤ የተላከበትንና የደረሰበትን ቀንም አሳዩአቸው፤ መስታወት ላይ ሳይለጠፍ በካሜራ ብቻ የተያዘ ከሆነ ሕጉ በ14 ቀን ውስጥ እንዲደርስ ይጠይቃል። አንቺ በዐሥር ቀን መጣ ብለሻል፣ ስለዚህ እሱን ብዙ ተስፋ አታድርጉት።

ክስ ቢመጣ እንኳ ይህ ሰው የሚታሰርበት ችሎት አይደለም። የአነስተኛ ገንዘብ ክርክር ነው፤ ለዚህ መጠን ከሳሹ የሚከፍለው የፍርድ ቤት መክፈቻ 35 ፓውንድ ነው፣ ቢረታ እሱና 50 ፓውንድ የጠበቃ ክፍያ ይታከልበታል። ከሜይ 2024 ጀምሮ ደግሞ ወደ ችሎት ከመድረሱ በፊት በስልክ የሚደረግ ነፃ ሽምግልና አለ። አዎ፣ ሽምግልና። አስታራቂው ለሁለቱም ወገን እየደወለ ያነጋግራል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ በቅናሽ ይጨርሳል።

ሁለተኛው መንገድ መክፈል ነው። እዚህ ላይ 150ውን እንዳለ ከመላክ በፊት አንድ ደብዳቤ መሞከር ይገባል። ባለቤትሽ ለመጀመሪያው ድርጅት፣ ግልባጩን ለዕዳ ሰብሳቢው፣ ጉዳዩን ለመዝጋት የመጀመሪያውን 80 ፓውንድ፣ ወይም ከዚያ ያነሰ፣ ለመክፈል ዝግጁ መሆኑን ይጻፍ። ቤት ውስጥ ጨቅላ እንደነበረና ደብዳቤዎቹ በጊዜው እንዳልደረሱት ሊጠቅስ ይችላል፤ በእርግጥም አልደረሱትምና። የመቀበል ግዴታ የለባቸውም። ግን ሰው ሲያናግራቸው የሚለዝቡበት ጊዜ አለ። በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ ከተስማሙ “ጉዳዩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል” የሚል የጽሑፍ ማረጋገጫ ሳትይዙ ገንዘብ አትልቀቁ።

እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን? በጥቂት ወር ውስጥ ሞርጌጅ የምታመለክቱ ባትሆኑ ኖሮ ሲቲዝንስ አድቫይስን አማክራችሁ ተከራከሩ እላችሁ ነበር፤ በ6 ፓውንድ መርሳት 150 መጠየቅ ልቤ የሚቀበለው ነገር አይደለም። አንቺ ግን አራስ ልጅ ይዘሽ፣ ፈረቃ እየሠራሽ፣ ባንክ ልትገቡ ስትሉ የፍርድ ቤት ቀን ስትጠብቁ መክረም ከገንዘቡ በላይ ያስከፍላችኋል። ስለዚህ 80ውን ሞክሩ፣ ካልሆነም ከፍላችሁ ዝጉት የሚለው ላይ አጋድላለሁ። ይህ የእኔ ሚዛን ነው። ባለቤትሽ መከራከር ልማዱ ከሆነና ጊዜ ካለው፣ የሚያዋርድ ነገር የለውም፣ ይከራከር። ክፍያው ከዕቁቡ ቢወጣም ግድ የለም፣ እሱ አውቆት ይውጣ።

በመሐሉ አንድ ነገር ዛሬውኑ አረጋግጪ፤ ሊብሬው ላይ ያለው አድራሻ አሁን የምትኖሩበት መሆኑን። ቤት ስትገዙና ስትዛወሩም ወዲያው የመኪና ሊብሬና መንጃ ፈቃድ ለሚመዘግበው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለዲቪኤልኤ፣ አሳውቁ። ደብዳቤው ወደ አሮጌው ቤት ሄዶ፣ ሳያውቁት የተፈረደባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

ስለሚቀጥለው ጊዜ ብዙ አላስረዝምም። የለንደን ሁለቱ ትልልቅ ኤርፖርቶች ማውረጃ ማስከፈል የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ሂትሮውና ጋትዊክ ያኔ በ5 ፓውንድ ጀመሩ፣ ከዚያ ወዲህ ጨምረዋል። በር ስለሌለ እንደ አንቺ የረሳ ሰው ብዙ ነው። እዚያው ካልከፈሉ እስከ ማግስቱ እኩለ ሌሊት በኢንተርኔት ወይም በስልክ መክፈል ይቻላል። ታርጋውን አስቀድሞ አስመዝግቦ በራሱ እንዲቆረጥ ማድረግም አለ፤ በዘመድ ብዛት ኤርፖርት ለምትመላለሱ ሰዎች ይህ ይሻላል። የኤርፖርቱን ድረ ገጽ ራስሽ ጽፈሽ ግቢ፤ በቴክስት የሚመጣ “ቅጣት አለብሽ” የሚል ሊንክ አትንኪ፣ አጭበርባሪው በዝቷል። ሰማያዊ ባጅ ያላቸው አካል ጉዳተኞች ደግሞ ነፃ የሚሆኑበት አሠራር አለ፣ አስቀድሞ ማመልከት ይጠይቃል። ሌላው፣ እኔ ለአንቺ የምወደው፣ የረዥም ጊዜ ማቆሚያው ነው። መኪናውን እዚያ አቁሞ በነፃ አውቶቡስ ተርሚናል ድረስ መሄድ ይቻላል፤ በነፃ የሚያቆየው ግን ለአጭር ጊዜ ስለሆነ፣ ውስጥ ገብተሽ ከዘገየሽ የማቆሚያ ትከፍያለሽ። ሻንጣ ይዞ አድካሚ ነው። ግን ማንም ሂጂ አይልሽም። እናትሽ ጋር ውስጥ ገብተሽ፣ ሻንጣው ሲመዘን አብረሽ ቆመሽ፣ መቀነታቸውን እስኪፈቱ ጠብቀሽ ትሸኚያቸዋለሽ።

እስከዚያው እናትሽ ጋር ስትደዋወሉ ያን ዕለት ለልጁ ምን ሊሰጡት እንደነበር ጠይቂያቸው።

እና ዛሬ ሦስቱን ደብዳቤዎች ከልብሱ ሥር አውጪ። የመጨረሻው ላይ ያለውን ቀን የቀን መቁጠሪያ ላይ ጻፊ፣ ባለቤትሽ ዕረፍት የሚሆንበትን ቀን አጠገቡ። ከነገርሽው በኋላ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።